ነጩ ቀስት

ደሴት የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከውቅያኖስ ይልቅ ሐይቅን ያስታውሰዋል፤ ጣናን፣ ዝዋይን፣ በዛፍ ጥላ የተከለለውን ገዳም፣ ከዳር የታሰረችውን ታንኳ። ሩቅ አገር ያየ፣ ወይም በሥዕል የተመለከተ ደግሞ አሸዋ፣ ዘንባባና የጨው ሽታ ይመጣበታል። በሁለቱም ምናብ ውስጥ ደሴት ዝቅተኛ ነገር ነው፤ ውኃው ሲሞላ ሊሰጥም የሚችል፣ ሲጎድል የሚታይ። ሆኖም ከምድራችን ታላላቅ ተራሮች ጥቂት የማይባሉት የቆሙት በደሴቶች ላይ ነው። የእነዚህ ሁሉ ቁንጮ 4,884 ሜትር ይረዝማል፤ ከራስ ደጀናችን ከ300 ሜትር በላይ ይበልጣል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ታናናሾቹን በጨረፍታ እንያቸው፤ የደሴት ተራራ ዕጣ በእነሱም ላይ ይታያልና። በሃዋይ ደሴት ላይ ያለው ማውና ኬያ 4,207 ሜትር ነው፤ ስሙም በአገሬው ቋንቋ «ነጭ ተራራ» ማለት ነው። ከባሕሩ ወለል ሥር እስከ ጫፉ ቢለካ ግን ከ10,000 ሜትር በላይ ስለሚሆን ኤቨረስትን ያስንቃል፤ ሰው ከፍታን ከባሕር ጠለል ጀምሮ መለካቱ ጎዳው እንጂ። በቦርኒዮ ደሴት ያለው ኪናባሉ 4,095 ሜትር ነው። በ1851 የወጣው እንግሊዛዊው ሂዩ ሎው ከጫፎቹ ትልቁን ሳይረግጥ ወረደ፤ ይሁንና ያ ያልረገጠው ጫፍ ዛሬም «የሎው ጫፍ» ይባላል። ጫፉን በ1888 የረገጠው ሌላ ሰው፣ ጆን ኋይትሄድ፣ ይህ ክብር አልደረሰውም።

የታይዋኑ ዩሻን ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ስሙ በቻይንኛ «የጄድ ተራራ» ማለት ሲሆን ከፍታው 3,952 ሜትር ነው። ጃፓን በ1895 ታይዋንን በያዘች ጊዜ ቀያሾቿ ለኩትና ደነገጡ፤ የተቀደሰው ፉጂ ለካ የግዛቱ ትልቅ ተራራ መሆኑ ቀርቷል፤ ይህ በ176 ሜትር ይበልጠዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይጂም ኒታካያማ፣ «አዲሱ ታላቅ ተራራ» የሚል ስም ሰጡት። በታኅሣሥ 1941 መጀመሪያ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይጓዝ ለነበረው የጃፓን የጦር መርከብ ጓድ በስውር ቃል አንድ ትእዛዝ ደረሰው፤ ኒታካያማን ውጡ የሚል። ትርጉሙ ፐርል ሃርበርን ምቱ ነበር። የደሴት ተራራ ስም፣ ሌላ ደሴት ለማቃጠል ምልክት ሆነ። ጃፓን ተሸንፋ ስትወጣ ተራራው የድሮ ስሙን መልሶ አገኘ። የእኛው ባለታሪክ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም።

ኒው ጊኒ ከግሪንላንድ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ሰፊ ደሴት ነው። ዛሬ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የምሥራቁ እኩሌታ ነጻዋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሲሆን የምዕራቡ በኢንዶኔዥያ ሥር ይገኛል። አውስትራሊያን የተሸከመው የምድር ቅርፊት ወደ ሰሜን እየገፋ ከሰላማዊ ውቅያኖሱ ጋር ሲጋጭ በመካከል ያለው ተኮማትሮ ወደ ላይ ተነሣ፤ ደሴቱን እንደ አከርካሪ የሚሰነጥቀው የተራራ ሰንሰለት የተወለደው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከደሴት ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራሱ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በጥንት ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ። ከታች እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ረግረግ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ከዚያ ዝናብ የማያባራበት ገደል፣ ከዚያ ራቁት አለት፣ በመጨረሻም በረዶ። ይህ ሁሉ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው።

ያን ካርስተንስዞን የተባለ ሆላንዳዊ መርከበኛ በጥር 1623 ፔራ እና አርንሄም በሚባሉ ሁለት መርከቦች ከአምቦን ተነሣ። የላከው የደች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ነው፤ የሚፈለገውም ንግድ። ጉዞው ከመጀመሪያው ደም የነካው ነበር፤ በየካቲት ወር የአርንሄም አዛዥና ከእሱ ጋር ወደ የብስ የወረዱ መርከበኞች በኒው ጊኒ ዳርቻ ተገደሉ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን፣ ሰማዩ በጠራበት ሰዓት፣ ካርስተንስዞን ከባሕሩ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ አሻግሮ ሲመለከት እጅግ ከፍ ያለ የተራራ ሰንሰለት አየ፤ በብዙ ቦታም በበረዶ ነጭ ሆኖ አየው። ይህንኑ በመዝገቡ ላይ ጻፈ። በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ መኖሩ እንግዳ ነገር መሆኑን እሱም ያውቅ ነበር።

ወደ አገሩ የደረሰው ወሬ እንደተሳቀበት ብዙ መጻሕፍት ይተርካሉ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ የወባ አገር፣ ከመርከብ ላይ በረዶ ታየ ሲባል ማን ያምናል? ኩባንያውም ቢሆን ከጉዞው ምንም ጥቅም አላገኘም፤ መርከበኛው ቀጥሎ የደረሰበትን የአውስትራሊያ ዳርቻ ደረቅና ድሃ አገር ብሎ ጽፎ ተመለሰ። ንግድ ፍለጋ የወጣው ሰው በሩቅ አሻግሮ ያየው ሰንሰለት በዓለም ከታወቁት የወርቅ ክምችቶች ታላላቆቹ መካከል የሚቆጠረውን ይዞ ነበር፤ እሱ ያየው ግን በረዶውን ብቻ ነው። ያንን በረዶ ሌላ አውሮፓዊ በእግሩ እስኪረግጥ ድረስ ወደ 300 ዓመት ገደማ አለፈ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ልበል። በምድር ወገብ በረዶ የለም የሚለው እምነት አንድ ሰው ብቻ አላሳፈረም። ዮሐንስ ሬብማን የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በግንቦት 1848 የኪሊማንጃሮን ነጭ ራስ አይቶ ሲጽፍ፣ አፍሪካን ረግጦ የማያውቀው ለንደናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ዊልያም ኩሊ ሰውየው ሕልም አይቷል ከማለት ያልተናነሰ ትችት ጻፈበት። የሬብማን ባልንጀራ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ተቀምጦ የነበረውና ከዚያ ወደ ሞምባሳ የወረደው፣ በተከታዩ ዓመት የኬንያን ተራራ በረዶ አይቶ ሲናገርም ያው ሙግት ጠበቀው። ሊቃውንቱ ግን አንድ የቆየ ጽሑፍ ከመጻሕፍት ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ቢያወርዱ ኖሮ ባልደከሙ። ስሙ ያልቀረልን የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው ዙፋን ላይ በግሪክኛ ያስቀረጸውንና ነጋዴው ኮስማስ በስድስተኛው መቶ ዘመን የገለበጠውን ጽሑፍ ማለቴ ነው። ንጉሡ ስለ ዘመቻው ሲናገር የሰሜን ተራሮች በበረዶ የተሸፈኑ መሆናቸውን፣ ሰውም በውስጡ እስከ ጉልበቱ እንደሚሰጥም ገልጿል። ከካርስተንስዞን ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ «በረዶ» ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚነሰነሰውንም አንድ ላይ ይይዛል፤ የመዝሙረ ዳዊት ተርጓሚዎች ለዚህ የመጨረሻው «አመዳይ» የሚለውን ያማረ ቃል ቢያቆዩልንም በዕለት ንግግራችን እምብዛም አይሰማም።

እንግዲህ ካርስተንስዞን ሲያየውም ሆነ አውሮፓ ሲስቅበት፣ በተራራው ሥር ሰው ነበር። ባሕሩ ዳር ካሞሮዎች፣ በደጋው ሸለቆ አሙንግሜዎች ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም ይኖራሉ። አሙንግሜዎች ያንን ነጭ ጫፍ ኔማንግካዊ ይሉታል፤ «ነጭ ቀስት» ማለት ነው። በእነሱ እምነት ምድሪቱ እናት ናት፤ ተራራው ራሷ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሸለቆና ወንዝ ሁሉ የአካሏ ክፍል ነው። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም፤ እኛም ራስ ደጀን ስንል «ራስ» ማለታችን ነው፤ የተራራ ወገብ፣ የተራራ እግር እንላለን። ልዩነቱ፣ እኛ ዘይቤ አድርገን የምንናገረውን አሙንግሜዎች እንደ ሕግ ይዘውት መኖራቸው ነው። ወደ ራሷ የሚወጣ ሰው ያለ ምክንያት አይወጣም።

የኒው ጊኒን በረዶ በእግሩ የረገጠው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ሎሬንትስ ነው፤ በኅዳር 1909። የረገጠው ግን የዚህን ሳይሆን በምሥራቅ በኩል ያለውን የወንድሙን በረዶ ነበር፤ በንግሥታቸው ስም ዊልሄልሚና ይሉት የነበረውን ተራራ። ወደ ካርስተንስዞን ተራራ ደግሞ እንግሊዛውያን በ1910 ተነሡ፤ በረግረጉና በበሽታው ተሸንፈው ተመለሱ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ሐኪሙ ዎላስተን በ1912 እንደገና ሄደ፤ በ1913 መጀመሪያም ከበረዶው ግግር ደረሰ፤ ጫፉ ግን አልተገኘለትም። የእሱ ጉዞ አንድ ጨለማ ገጽ አለው። እንግዶቹን ለማየት ከደጋ ወርደው የመጡ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ በረሃብና በበሽታ በየመንገዱ ወድቀው ቀርተዋል፤ ተጓዦቹም አስከሬናቸውን በየመጠለያው አገኙ። የጉዞ ታሪኮች ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔም ከዚህ የበለጠ ለመጻፍ የሟቾቹን ስም አላገኝም፤ ማንም አልመዘገበውምና።

ከዚያ ሦስት ሆላንዳውያን መጡ። የ1936ቱ ጉዞ አስተባባሪ አንቶን ኮላይን በደሴቱ ላይ ነዳጅ የሚፈልግ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅና የሆላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ነበር። ፍሪትስ ዊሰል አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ ዣን ዣክ ዶዚ ደግሞ ወጣት የሥነ ምድር አጥኚ። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ ተራራ መውጣት ወደው፣ ጥቂት የዳያክ ተሸካሚዎችን ይዘው፣ ከአውሮፕላን ስንቅ እየተጣለላቸው ወጡ። በታኅሣሥ 5 ንጋ ፑሉ የሚባለውን በበረዶ የተሸፈነ ጫፍ ረገጡ። ከፊታቸው ያለውን ራቁት አለት፣ የዛሬውን ቁንጮ፣ ግን አየሩ ከለከላቸው። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ በዚያን ጊዜ የንጋ ፑሉ የበረዶ ቆብ ወፍራም ስለነበር ከአለቱ ጫፍ ይበልጥ እንደነበር በኋላ ተሰልቷል። በረዶው ሲቀልጥ ቁንጮነቱ ወደ አለቱ ተዛወረ። እነ ኮላይን ሳያውቁት በዘመኑ የደሴቶች ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ ላይ ቆመው ነበር ማለት ነው።

የዚያን ጉዞ ዋና ነገር ግን ያደረገው ጫፉ አልነበረም። ዶዚ ከበረዶው በታች ባለው ሸለቆ ከሣሩ መካከል ብቻውን የቆመ ጥቁር የድንጋይ ግንብ አየ፤ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ እዚህም እዚያም የመዳብ አረንጓዴ ያወጣ። ናሙና ወሰደ፤ በማስታወሻው ላይ ሥዕሉን ነድፎ ኤርትስበርግ፣ «የማዕድን ተራራ» አለው። ከአጠገቡ ያለውን፣ ከሣር በቀር ምንም የማይታይበትን ጉብታ ደግሞ ግራስበርግ፣ «የሣር ተራራ» ብሎት አለፈ። ዘገባው በ1939 በላይደን ታተመ። ወዲያው ጦርነት መጣ፤ ኮላይን በጃፓኖች የእስረኞች ካምፕ በ1945 ሞተ፤ ዘገባውም በመጻሕፍት ቤት አቧራ ለበሰ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ አንድ ሆላንዳዊ ያንን ዘገባ አገላብጦ ሲያበቃ ለአሜሪካዊው የፍሪፖርት ኩባንያ ሰው፣ ለፎርብስ ዊልሰን አሳየው። ዊልሰን በ1960 በእግሩ ወጥቶ የዶዚን ጥቁር ድንጋይ አገኘና እውነቱን አረጋገጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 13 ቀን 1962፣ አለቱ ራሱ ተሸነፈ፤ የቲቤት ሰባት ዓመታቱን በመጽሐፍ ያስነበበው ኦስትሪያዊው ሃይንሪክ ሃረር ከኒውዚላንዳዊው ፊሊፕ ቴምፕል፣ ከአውስትራሊያዊው ራስል ኪፓክስና ከሆላንዳዊው የአስተዳደር ሠራተኛ አልበርት ሃውዘንጋ ጋር ጫፉ ላይ ቆመ። መጽሐፉ ላይ የሃረር ስም ገንኖ ይታያል። መንገዱን በ1961 አስቀድሞ አጥንቶ መተላለፊያውን ያገኘው ግን ቴምፕል ነበር፤ ያኔ ስንቅ አልቆበት ሳይወጣ ቀረ እንጂ።

እነ ሃረር ገመድ ሲፈትሉ ከበታቻቸው ሁለት መንግሥታት ጦር ይሰብቁ ነበር። ኢንዶኔዥያ ከሆላንድ ነጻ ስትወጣ ሆላንድ የኒው ጊኒን ምዕራብ ይዛ ቀርታ ነበርና፣ ፕሬዚዳንት ሱካርኖ በታኅሣሥ 19 ቀን 1961 «ሦስቱ የሕዝብ ትእዛዛት» የተባለ የክተት ዐዋጅ አወጁ። ከሃረር ድል አንድ ወር አስቀድሞ የሁለቱ አገሮች መርከቦች በባሕር ላይ ተታኩሰዋል። በነሐሴ 1962 በኒውዮርክ ስምምነት ተፈረመ፤ ግዛቱ ለጥቂት ወራት በተባበሩት መንግሥታት እጅ ቆይቶ በግንቦት 1963 ለኢንዶኔዥያ ተላለፈ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች መካከል ስም መለወጥ ነበረበት። ካርስተንስዝ ፑንቻክ ሱካርኖ ተባለ። ንግሥት ዊልሄልሚና ወርዳ በፋንታዋ ትሪኮራ፣ ያ የክተት ዐዋጅ፣ ተራራ ላይ ወጣ። በልጇ በዩሊያና ስም ይጠራ የነበረው ሌላው ጫፍ ማንዳላ ሆነ፤ ዘመቻውን ይመራ የነበረው የጦር ዕዝ ስም ነው። ጄኔራል ሱሃርቶ ሱካርኖን ከሥልጣን ካወረደ በኋላ ደግሞ የሱካርኖ ጫፍ የመሪውን ስም አጣና ፑንቻክ ጃያ፣ «የድል ጫፍ» ተባለ። የማን ድል፣ በማን ላይ? ካርታው አይመልስም። ንግሥት በዐዋጅ ተተካች፣ ልዕልት በጦር ዕዝ፣ መርከበኛ በፕሬዚዳንት፣ ፕሬዚዳንት በድል። በዚህ ሁሉ ሽኩቻ ውስጥ ነጩ ቀስት የሚለው ስም ለውድድር እንኳ አልቀረበም።

ኒውዮርክ ላይ የተፈረመው ውል የአገሬው ሰው ስለ ራሱ ዕጣ ይጠየቃል ይል ነበር። የተጠየቀው በ1969 ነው፤ ከመላው ሕዝብ የተመረጡ 1,025 ሰዎች ተሰብስበው፣ ወታደር በሚጠብቀው ጉባኤ፣ ያለ ምሥጢር ድምፅ፣ አንድም ተቃውሞ ሳይሰማ ከኢንዶኔዥያ ጋር መኖርን መረጡ ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1969 በ84 ድምፅ ውጤቱን «መዝግቤያለሁ» አለ፤ 30 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ነገር ግን የቀን ቅደም ተከተሉን እንይ፤ ፍሪፖርት ኤርትስበርግን ለመቆፈር ከሱሃርቶ መንግሥት ጋር የተዋዋለው በሚያዝያ 1967 ነበር። የምድሪቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ሕዝቡ ከመጠየቁ ከሁለት ዓመት በፊት ድንጋዩ ተሸጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የቁፋሮ ታሪክ ነው። ከባሕሩ ዳር እስከ ደመናው መንገድ ተጠረገ፤ ገደሉን የሚሻገሩ የገመድ መጓጓዣዎች ተዘረጉ፤ በሸለቆው ቴምባጋፑራ፣ «የመዳብ ከተማ»፣ ተቆረቆረች፤ በ1973 ሱሃርቶ ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። እንደ ምሕንድስና ሥራ ከተመለከትነው የሚያስደንቅ መሆኑን መካድ አይቻልም። በጥር 1974 የአሙንግሜ ሽማግሌዎች ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ እንዲሠራላቸው በምትኩ መሬቱን የሚለቅ ውል ፈረሙ። በ1977 የማዕድኑ ማስተላለፊያ ቧንቧ ተቆረጠ፤ ወታደሩም በከባድ እጅ መለሰ። የዶዚ ጥቁር ግንብ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተበልቶ አለቀ፤ ተራራ በነበረበት ጉድጓድ ቀረ። ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል፣ በ1988፣ ያ ዶዚ ሣር ብቻ ያየበት ግራስበርግ ተቦረቦረና ከዓለም ታላላቅ የወርቅና የመዳብ ክምችቶች አንዱ ከሥሩ ተገኘ። ከቁንጮው ተራራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቀው የሣሩ ጉብታ ከሰማይ የሚታይ ግዙፍ የክብ ጉድጓድ ሆነ። ከወፍጮው የሚወጣው የድንጋይ ዝቃጭ በአይክዋ ወንዝ ቁልቁል ተለቀቀ፤ በቀን ከ200,000 ቶን በላይ የደረሰበት ዘመን ነበር። ደገኞቹ አሙንግሜዎች ተራራውን ሲያጡ ቆለኞቹ ካሞሮዎች ወንዙን አጡ።

ሰዎቹ ዝም አላሉም። የአሙንግሜው መሪ ቶም ቤያናል በ1996 ኩባንያውን በራሱ አገር፣ በኒው ኦርሊንስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ1997 ክሱን ዘጋ፤ ይግባኙም በ1999 አልተሳካም። የእሱ ወገን የሆነችው ዮሴፋ አሎማንግ፣ ለዓመታት ተቃውሞ ያስተባበረችና ለእስር የተዳረገች ሴት፣ በ2001 ለአካባቢ ተቆርቋሪዎች የሚሰጠውን የጎልድማን ሽልማት አገኘች። በ2018 መጨረሻ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ከማዕድን ማውጫው ድርሻ 51 በመቶ በላዩን ገዛ። ጃካርታ ይህን እንደ ብሔራዊ ድል አከበረችው። ከተራራው ሥር ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ባለቤትነቱ የተዛወረው ከአንድ ሩቅ ከተማ ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ ነው።

ተራራ ወጪዎችም የራሳቸው ክርክር ነበራቸው፤ ከማዕድኑ ጋር ሲነጻጸር የልጆች ጨዋታ ነው። አሜሪካዊው ዲክ ባስ በ1985 የሰባቱን አህጉሮች ከፍተኛ ጫፎች ጨረስኩ አለ፤ ለአውስትራሊያ የቆጠረው ኮስሲዩስኮን ነበር፤ 2,228 ሜትር፣ ሽማግሌ ሊራመድበት የሚችል። ራይንሆልድ ሜስነር ግን አውስትራሊያና ኒው ጊኒ በአንድ መሠረት ላይ ያሉ ናቸውና የሚቆጠረው ይህ አለት ነው ብሎ ተከራከረ፤ እሱ በ1971 ወጥቶታል። በሜስነር ዝርዝር መሠረት በ1986 ቀድሞ የጨረሰው ግን ካናዳዊው ፓት ሞሮው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያለው ሰው ለቁጥር ማሟያ ሲል ወደ ነጩ ቀስት ይመጣል፤ ብዙዎቹም የሸለቆውን ሰው ሳያዩ በሄሊኮፕተር ከሥሩ ወርደው፣ ወጥተው፣ በሄሊኮፕተር ይመለሳሉ።

የቀረው የበረዶው ነገር ነው። በ1936 ኮላይንና ዶዚ ሲያዩት በዚህ ሰንሰለት ላይ ያለው በረዶ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር። የትሪኮራው፣ ሎሬንትስ የረገጠው፣ ገና በ1962 አልቆ ነበር። ሜረን የሚባለው የኔማንግካዊ የበረዶ ግግር ከ1994 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። በ2010 ሎኒ ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ የበረዶ አጥኚ ከኢንዶኔዥያ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር መጥቶ የቀረውን እስከ አለቱ ድረስ ቦረቦረ፤ 32 ሜትር ብቻ ነበር። በቆዩበት ጊዜ በበረዶው ላይ በየቀኑ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከድንኳኖቻቸው ሥር ያለው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ቶምሰን በኋላ እንደተናገረው፣ የአገሬው ሰዎች በረዶው የአምላካቸው ራስ ቅል እንደሆነና እነሱ እየቦረቦሩ ትዝታውን ሊሰርቁ እንደመጡ ነገሩት፤ እሱም በረዶው በእርግጥ ያለፈውን ዘመን ትዝታ የያዘ መሆኑን አልካደም። በተደረገው ስብሰባ ሽማግሌዎቹ ሲቃወሙ ወጣቶቹ ይወሰድ ብለው ተከራከሩ፤ ተወሰደም።

ሳይንቲስቶቹ በጉድጓዱ ውስጥ የመለኪያ ዘንግ ትተው ነበር። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ በረዶው በዓመት በአማካይ 1 ሜትር ያህል ሳሳ፤ በ2015 እና በ2016 መካከል ኤል ኒኞ ሲበረታ ግን በዓመት ከ5 ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሄደ። በ2022 የቀረው በረዶ ሩብ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነበር። ዛሬ ካርስተንስዞን በቆመበት ባሕር ላይ የሚያልፍ መርከበኛ፣ ሰማዩ ቢጠራለትም፣ የሚታየው ግራጫ አለት ነው። ከዚያ ተራራ የተወሰዱት የበረዶ ዘንጎች በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ በላይ በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይገኛሉ።